ከአንዱ የአውሮፓ አገር ወደ ሌላው ለመሻገር፦ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት

"የጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ አለኝ፤ ጣሊያን ለሠርግ ልሄድ ነው። ቪዛ ያስፈልገኛል?" ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ ይደርሰኛል። ሰመር ሲመጣማ ይብሳል። ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ሠርጉ ይደራረባል፣ በየዓመቱ ከከተማ ከተማ የሚዞረው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድርም አለ። ሌሎቹም ጥያቄዎች የዚሁ ዘመድ ናቸው። "እናቴ በፈረንሳይ ቪዛ መጥታለች፤ ፍራንክፈርት እኔ ጋ መምጣት ትችላለች?" "ግሪን ካርድ አለኝ፤ ሮም ያስገባኛል?" ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምመልስ ሁሉንም እዚህ ላስቀምጠው።

ይህ መመሪያ በዋናነት የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ነው። መልሱ ሁልጊዜ የሚጀምረው እጃችሁ ላይ ካለው ወረቀት ነው። ማንኛውም ቪዛ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ሦስት ነገር ይነግራችኋል፦ የት የት እንደሚያስገባ፣ ስንት ቀን እንደሚያስቆይ፣ ስንት ጊዜ እንደሚያስገባ። ሦስቱን ሳታውቁ ትኬት አትቁረጡ።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ጊዜው ያላለፈበት ፓስፖርት፣ ዋናው። ኮፒ ወይም ስልክ ላይ ያለ ፎቶ አይተካውም።
- የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ ወይም ፓስፖርቱ ላይ የተለጠፈ ቪዛ፣ ይህም ዋናው።
- የደርሶ መልስ ትኬት።
- የምታርፉበት ቦታ ማስረጃ፦ የሆቴል ቡኪንግ፣ ወይም የምታርፉበት ሰው አድራሻና የጥሪ ደብዳቤ።
- የጉዞ ኢንሹራንስ። በቪዛ ለሚመጣ ሰው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት።
- ከልጅ ጋር የምትሄዱ ከሆነ የልጁ የራሱ ፓስፖርት፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ እና አብሮ የማይሄደው ወላጅ የፈረመበት የስምምነት ደብዳቤ።
- የግድግዳ ወይም የኪስ ካላንደር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር። ለምን እንደሆነ ደረጃ 4 ላይ ታዩታላችሁ።

ደረጃ 1፦ የምትሄዱበት አገር ሸንገን ውስጥ መሆኑን እዩ

ሸንገን ማለት በመካከላቸው ያለውን መደበኛ የድንበር ፍተሻ ያነሱ አገሮች ስብስብ ነው። አሁን 29 ናቸው፦ ጀርመን፣ ፈረንሳይ፣ ጣሊያን፣ ኔዘርላንድስ፣ ቤልጂየም፣ ሉክሰምበርግ፣ ኦስትሪያ፣ ስፔን፣ ፖርቱጋል፣ ግሪክ፣ ማልታ፣ ስዊድን፣ ዴንማርክ፣ ፊንላንድ፣ ኢስቶኒያ፣ ላትቪያ፣ ሊቱዌኒያ፣ ፖላንድ፣ ቼክ፣ ስሎቫኪያ፣ ሃንጋሪ፣ ስሎቬኒያ፣ ክሮኤሺያ፣ ቡልጋሪያ፣ ሮማኒያ፣ ኖርዌይ፣ አይስላንድ፣ ስዊዘርላንድ እና ሊክተንስታይን። ቡልጋሪያና ሮማኒያ በየብስ ድንበርም ጭምር ሙሉ በሙሉ የገቡት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈ ምክር ካነበባችሁ እነሱን ላያካትት ይችላል።

ሰው በብዛት የሚሳሳተው ሸንገንንና የአውሮፓ ኅብረትን አንድ ሲያደርግ ነው። ስዊዘርላንድና ኖርዌይ የኅብረቱ አባል አይደሉም፤ ሸንገን ውስጥ ግን አሉ። አየርላንድ ደግሞ የኅብረቱ አባል ናት፤ ሸንገን ውስጥ ግን የለችም። ስለዚህ የጀርመን ካርድ ዙሪክ ያደርሳችኋል፣ ደብሊን አያስገባችሁም። ለደብሊን የአየርላንድ ቪዛ፣ ለለንደን የብሪታንያ ቪዛ ለየብቻ ማውጣት ግድ ነው። ሁለቱም የራሳቸው ማመልከቻና የራሳቸው ክፍያ አላቸው። ደብሊን የገባ ሰው በአውቶቡስ ቤልፋስት ሲሄድ መንገድ ላይ ኬላ አያይም። ቤልፋስት ግን የብሪታንያ ግዛት ናት፤ ኬላ የለም ማለት ቪዛ አያስፈልግም ማለት አይደለም።

ቆጵሮስ ለብቻዋ ናት። ሸንገን ውስጥ የለችም፤ ሆኖም የሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ጊዜ የሚያስገባ የሸንገን ቪዛ ያለውን ሰው ያለ ተጨማሪ ቪዛ ለአጭር ጊዜ ታስገባለች።

ደረጃ 2፦ ወረቀታችሁ ከየትኛው ዓይነት እንደሆነ ለዩ

ከሸንገን አገር የተሰጠ የመኖሪያ ፈቃድ ካላችሁ፦ ከፓስፖርታችሁ ጋር ወደሌሎቹ የሸንገን አገሮች ያለ ቪዛ ትገባላችሁ። በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ እዚያ መቆየት ግን አትችሉም። የረጅም ጊዜ ቪዛ፣ ማለትም "ዲ" የሚል ፊደል ያለበት፣ ለምሳሌ ለትምህርት ወይም ለቤተሰብ መቀላቀል የመጣችሁበት፣ ተመሳሳይ መብት ይሰጣል። ይህ መብት ለጉብኝት ነው። በጀርመን ካርድ ስዊድን ሄዶ ሥራ መጀመርን አይፈቅድም።

"ሲ" ቪዛ ካላችሁ፦ የአጭር ጊዜ ጎብኚ ናችሁ። ወደ ደረጃ 3 እለፉ።

የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ካላችሁ፦ ያ ሰማያዊው ደብተር ከመኖሪያ ፈቃዱ ጋር ሆኖ እንደ ፓስፖርት ያገለግላል።

ጥገኝነት ጠይቃችሁ ውሳኔ እየጠበቃችሁ ከሆነ፦ ወረቀታችሁ ከአገሩ አያስወጣም። ጀርመን ውስጥ ላላችሁ፣ ጥገኝነት ጠያቂ ውሳኔ እስኪያገኝ የሚሰጠው ገሽታቱንግም ሆነ መባረሩ ለጊዜው ለታገደ ሰው የሚሰጠው ዱልዱንግ የመኖሪያ ፈቃድ አይደሉም። ዱልዱንግ ደግሞ ከአገር ስትወጡ ያበቃል፤ መመለሻ የላችሁም። እባካችሁ ይህን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። ለአንድ ቀን ልደት ብሎ ፈረንሳይ፣ ስትራስቡርግ የተሻገረ ሰው ጉዳዩን ሁሉ ሊያበላሽ ይችላል።

ካርዳችሁ አልቆ እድሳት ላይ ከሆነ፦ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ጀርመን የሚሰጠው ጊዜያዊ ወረቀት ፊክሲዮንስበሻይኒጉንግ ይባላል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሦስት ሳጥኖች አሉ። ሦስተኛው ሳጥን ላይ ምልክት ካለ፣ አሮጌው ካርድና ፓስፖርታችሁ አብረው ካሉ፣ ወጥታችሁ መመለስ ትችላላችሁ። ምልክቱ አንደኛው ወይም ሁለተኛው ላይ ከሆነ ወረቀቱ መልሶ አያስገባችሁም። ቢሮው ወረቀቱን ሲሰጣችሁ እዚያው ቆማችሁ የትኛው ሳጥን ላይ ምልክት እንዳለ እዩ። ጣሊያን ያላችሁ ደግሞ ለእድሳት ያስገባችሁበት የፖስታ ቤት ደረሰኝ ወደ አገር ቤት በቀጥታ በረራ ሄዳችሁ እንድትመለሱ ይረዳችኋል፤ በሌላ የሸንገን አገር በኩል ለማለፍ ግን አያገለግልም። አዲስ አበባ ደርሶ በፍራንክፈርት ትራንዚት ለመመለስ ትኬት የቆረጠ ሰው የሚቸገረው በዚህ ምክንያት ነው።

የአሜሪካ ግሪን ካርድ ካላችሁ፦ ግሪን ካርድ ወደ ሸንገን አያስገባም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ ከሆነ የሸንገን ቪዛ ታወጣላችሁ፣ የምታመለክቱትም አሜሪካ ባለው ቆንስላ ነው። የአሜሪካ ፓስፖርት ካወጣችሁ ግን ለ90 ቀን ቪዛ አያስፈልጋችሁም። በዚሁ ፓስፖርት ለንደን ለመግባት ደግሞ ኢቲኤ የሚባለውን የኢንተርኔት ፈቃድ ቀድማችሁ መሙላት አለባችሁ።

ደረጃ 3፦ የቪዛውን ስቲከር መስመር በመስመር አንብቡ

ፓስፖርቱን ክፈቱና ስቲከሩን ፊታችሁ አድርጉ። ብዙ ሰው የሚያየው ሁለቱን ቀኖች ብቻ ነው። አራት ቦታ እዩ።

"ቫሊድ ፎር" የሚለው መስመር የት የት እንደሚያስገባ ይናገራል። የሸንገን አገሮች የሚል ከሆነ ሁሉም ጋ ያስገባል። የመቀነስ ምልክትና የአገር ፊደል ከተከተለው ያ አገር ተቀንሷል ማለት ነው። የአንድ አገር ስም ብቻ ከተጻፈበት ደግሞ ከዚያ አገር ውጭ የትም አትሂዱበት።

"ፍሮም" እና "አንቲል" የሚሉት ቪዛውን መጠቀም የምትችሉበትን ጊዜ ያሳያሉ። ቀኑ የሚጻፈው ቀን፣ ወር፣ ዓመት በሚል ቅደም ተከተል ነው። አሜሪካ የኖራችሁ ወር ማስቀደም ስለለመዳችሁ እዚህ ላይ ትደናገራላችሁ።

"ናምበር ኦፍ ኤንትሪስ" ስንት ጊዜ መግባት እንደምትችሉ ነው፦ 01፣ 02 ወይም "ሙልት"። 01 ካለ አንዴ ከሸንገን ከወጣችሁ ቪዛው አበቃ፣ ቀን ቢተርፈውም። በዚህ ቪዛ ከፓሪስ ሮም መሄድ መውጣት አይባልም። ከፓሪስ ለንደን ወይም ኢስታንቡል ደርሶ መምጣት ግን መውጣት ነው፤ ስትመለሱ አያስገባችሁም።

"ዱሬሽን ኦፍ ስቴይ" የቀኑ ብዛት ነው። ሁሉም ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ስቲከሩ ከጁን 1 እስከ ጁን 30 ይልና ከሥር 15 ቀን ይላል እንበል። መቆየት የምትችሉት 15 ቀን ብቻ ነው። ጊዜው ሰፋ ያለው በረራችሁ ወዲያና ወዲህ ቢል እንዳትቸገሩ ተብሎ ነው እንጂ ሙሉውን እንድትቀመጡ አይደለም። ጁን 1 የገባች እናት ጁን 15 መውጣት አለባት።

የፈረንሳይ ቪዛ ይዛ የመጣችው እናትስ? ስቲከሩ ለሸንገን አገሮች የሚል ከሆነ፣ ቀኑም ካላለቀ ፍራንክፈርት መምጣት ትችላለች። ዋናው ቆይታዋ ግን ቪዛውን የሰጠችው ፈረንሳይ መሆን አለበት። ለፈረንሳይ አመልክቶ ጊዜውን ሁሉ ጀርመን ማሳለፍ በድንበር ጥያቄ ያስነሳል፤ ለሚቀጥለው ማመልከቻም መጥፎ ታሪክ ይሆናል።

ደረጃ 4፦ ቀኑን ራሳችሁ ቁጠሩ

"በ180 ቀን ውስጥ 90" ሲባል ብዙ ሰው ሦስት ወር ቆይቶ፣ አንድ ቀን ወጥቶ፣ እንደገና ሦስት ወር የሚቆይ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። አቆጣጠሩ ወደኋላ ነው። አውሮፓ በቆያችሁበት በእያንዳንዱ ቀን ያንን ቀን ጨምራችሁ 180 ቀን ወደኋላ ትቆጥራላችሁ፤ በዚያ ውስጥ ያሉት ቀኖች ከ90 መብለጥ የለባቸውም። የገባችሁበትም የወጣችሁበትም ቀን ይቆጠራሉ። ለእኩለ ሌሊት ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ብታርፉም ያ ቀን ሙሉ ቀን ነው።

በምሳሌ እንየው። ዓመት የሚያገለግል "ሙልት" ቪዛ ያላት ሴት አለች፤ የተፈቀደላት 90 ቀን ነው። ማርች 1 ገባች፣ ኤፕሪል 29 ወጣች። ማርች 31 ቀን፣ ኤፕሪል 29 ቀን፣ ድምሩ 60። ከዚያ ጁላይ 1 ተመለሰች። ከጁላይ 1 ወደኋላ 180 ቀን ሲቆጠር ጃንዋሪ 3 ላይ ይደርሳል። ስለዚህ 60ዎቹ ቀኖች በሙሉ ውስጥ ናቸው፤ የቀሯት 30 ናቸው። የመጨረሻ ቀኗ ጁላይ 30 ነው። ጁላይ 31 ብታድር 91ኛ ቀኗ ነው፣ ሕግ ጥሳለች። የማርች 1 ቀን ከቁጥሩ የሚወጣላት ኦገስት 28 ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ አንዳንድ ቀን ይመለስላታል።

ይህን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለመሥራት አትሞክሩ። ከጳጉሜ በቀር ወሮቹ እኩል 30 ስለሆኑ ያመቻል፣ ግን ስትቀይሩት አንድ ቀን ያፈነግጣል፤ አንድ ቀን ደግሞ እዚህ ትልቅ ነገር ነው። ካላንደሩን ዘርግታችሁ በእስክሪብቶ አክብቡ። የአውሮፓ ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይም የአጭር ቆይታ ማስያ በነፃ አለ፤ በእጅ የቆጠራችሁትን በሱ አመሳክሩ።

የመኖሪያ ፈቃድ ላላችሁ የምትኖሩበት አገር ቀን አይቆጠርም። የሌሎቹ ግን ሁሉም በአንድ ቋት ይገባል። ጀርመን የሚኖር ሰው ጣሊያን 40 ቀን፣ ስፔን 30 ቀን ከቆየ 70 ሆኗል፤ ፖርቱጋል ሲሻገር ከዜሮ አይጀምርም።

ማስጠንቀቂያ፦ ከኦክቶበር 12 ቀን 2025 ጀምሮ ኢኢኤስ የሚባል ሥርዓት ተጀምሯል። የሸንገንን የውጭ ድንበር የሚያልፍ የአጭር ጊዜ ጎብኚ ፎቶ ይነሳል፣ ቪዛ ሲያወጣ አሻራ ካልሰጠም አሻራ ይሰጣል፤ የገባበትና የወጣበት ቀን በኮምፒውተር ይመዘገባል። የፓስፖርት ማህተሙን የሚተካው ይህ ነው። "ማህተሙ ደብዝዟል፣ ማን ያያል" የሚለው ነገር አይሠራም። የሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው በዚህ አይመዘገቡም። በሰልፉ ላይ ካርዳችሁን ከፓስፖርቱ ጋር አብራችሁ አሳዩ፤ ያለበለዚያ እንደ ጎብኚ ሊመዘግቧችሁ ይችላሉ።

ደረጃ 5፦ ቪዛ ማውጣት ካለባችሁ በትክክለኛው በር አንኳኩ

የምታመለክቱት ረጅሙን ጊዜ የምታሳልፉበት አገር ነው። 6 ቀን ጣሊያን፣ 3 ቀን ኦስትሪያ ከሆነ ጣሊያን። ቀኑ እኩል ከሆነ መጀመሪያ የምትገቡበት አገር። ቀጠሮ የሚገኝበት ስለቀለለ ብቻ ወደ ሌላ ኤምባሲ መሄድ ራስን ማስከልከል ነው፤ የሆቴሉንና የበረራውን ቀን ያያሉ።

ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ይከፈታል፤ ቢዘገይ ቢዘገይ ከ15 ቀን በፊት መግባት አለበት። ውሳኔው በጠቅላላው ሕግ በመደበኛው 15 ቀን ይወስዳል፤ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ግን በ2024 መደበኛው ጊዜ 45 ቀን ተደርጓል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 ዓመት ጀምሮ 12 ላልሞላ ልጅ 45 ዩሮ፣ ከ6 በታች ነፃ ነው። ቢከለከሉም አይመለስም። ፓስፖርቱ ከሸንገን ከምትወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚቀረው፣ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የወጣ፣ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት። ፓስፖርታችሁ ሊያልቅ ከሆነ ከሁሉ በፊት እሱን አሳድሱ፤ ቪዛ እንዲሁ በአየር ላይ አይለጠፍም።

ደረጃ 6፦ ትራንዚት ካለ ለብቻው አጣሩ

ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ኢትዮጵያ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቁ አገሮች ዝርዝር ውስጥ አለች። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ከኤርፖርት ሳይወጣ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳ "ኤ" ቪዛ ያስፈልገዋል። የሸንገን፣ የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የጃፓን የጸና ቪዛ ያለው ሰው ግን አያስፈልገውም። የዱባይ ወይም የሪያድ መኖሪያ ፈቃድ ብቻውን ነፃ አያደርግም።

ሁለት የሸንገን ኤርፖርቶች ከተከታተሉ ነገሩ ይለወጣል። ከአዲስ አበባ ሮም፣ ከሮም ፍራንክፈርት፣ ከፍራንክፈርት ዋሽንግተን የሚል ትኬት ላይ ሮምና ፍራንክፈርት መካከል ያለው በረራ የአገር ውስጥ ያህል ነው። ሮም ላይ በኢምግሬሽን አልፋችሁ ሸንገን ትገባላችሁ። የአሜሪካ ቪዛ ለዚህ አይረዳም፤ መግቢያ ቪዛ ያስፈልጋል። ትኬቱ 50 ዶላር ስለረከሰ ብቻ እንዲህ ያለውን መስመር አትምረጡ።

ደረጃ 7፦ በጉዞው ቀን

ፓስፖርቱን ያዙ። ድንበር ላይ ፍተሻ የለም ተብሎ ቤት አይቀመጥም። ጀርመን ከሴፕቴምበር 16 ቀን 2024 ጀምሮ በሁሉም የየብስ ድንበሮቿ ላይ ጊዜያዊ ፍተሻ ጀምራለች፤ ሌሎችም አገሮች እንዲሁ ያደርጋሉ።

የአክስቴ ልጅ ከቬሮና በአውቶቡስ ወደ ሙኒክ ስትመለስ ነበር። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኪፈርስፈልደን አካባቢ አውቶቡሱ ቆመ። ፖሊስ በባትሪ እያበራ ከወንበር ወንበር መጣ። እሷ የመኖሪያ ካርዷን አወጣች፤ ፓስፖርቷ ሙኒክ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ካርዱ የጀርመን ነው፣ እሷም የምትመለሰው ጀርመን ነው። ሆኖም የመኖሪያ ፈቃድ የሚሠራው ከፓስፖርት ጋር ነው። አስወረዷት። ማንነቷ እስኪጣራ አውቶቡሱ ሻንጣዋን ይዞ ሄደ። በማለዳ ባቡር ስትገባ እጇ በብርድ ደንዝዞ ነበር።

በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ አንዳንድ ርካሽ አየር መንገዶች የአውሮፓ ዜጋ ያልሆነውን መንገደኛ ወረቀት በር ላይ ከመድረሱ በፊት በካውንተር ያያሉ። ሻንጣ ባይኖራችሁም ቀደም ብላችሁ ድረሱና ጠይቁ።

ጣሊያን ደርሳችሁ ዘመድ ቤት የምታርፉ ከሆነ በ8 ቀን ውስጥ መምጣታችሁን ለፖሊስ ማሳወቅ አለባችሁ። ሆቴል ካረፋችሁ ሆቴሉ ይመዘግባችኋል።

ስለ ጤና ኢንሹራንስም አንድ ነገር። ከጀርመን ኢንሹራንስ ካርድ ጀርባ ያለው የአውሮፓ ካርድ በብዙዎቹ አገሮች ያገለግላል። የአውሮፓ ዜግነት ለሌለን ግን ዴንማርክ፣ ስዊዘርላንድ፣ ሊክተንስታይን፣ ኖርዌይና አይስላንድ ላይ አይሠራም። ወደነዚህ ስትሄዱ የጉዞ ኢንሹራንስ ግዙ።

ሻንጣም ይፈተሻል። ከኅብረቱ ውጭ ካለ አገር ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ማስገባት ክልክል ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ቋንጣም፣ ለንደን ያለች እህት የሰጠችው ንጥር ቅቤም ይወሰዳል። በርበሬና ሽሮ በዚህ ክልከላ ውስጥ አይገቡም። 10,000 ዩሮና ከዚያ በላይ ጥሬ ገንዘብ ይዛችሁ የኅብረቱን የውጭ ድንበር ስታልፉ ማስመዝገብ ግድ ነው።

የተለመዱ ስህተቶች

- የአየርላንድን ወይም የብሪታንያን ቪዛ ይዞ ፓሪስ መሄድ። ሁለቱም ሸንገን አያስገቡም።
- ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት መተማመን። የባል ካርድ ለሚስት አይሠራም፤ እያንዳንዱ ሰው፣ ሕፃንም ቢሆን፣ የራሱን ይይዛል።
- ካርዱ በጉዞው መሃል የሚያልቅ መሆኑን አለማየት። ካርዱ የምትመለሱበትን ቀን ማለፍ አለበት።
- "ኢትያስ ልሙላ?" ማለት። ኢትያስ የሚባለው የኢንተርኔት ፈቃድ ቪዛ ለማይጠየቁ ፓስፖርቶች የታሰበ ነው፤ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት አይሆንም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከያዘ ሰው ገንዘብ ተቀብሎ "ኢትያስ አወጣላችኋለሁ" የሚል ካገኛችሁ ሽሹት።
- ታሞ ወይም በረራ ተሰርዞ ቀን ሲያልፍ ዝም ማለት። ቀኑ ከማለቁ በፊት ባላችሁበት ከተማ ያለው የውጭ ዜጎች ቢሮ ሂዱ፤ የሐኪም ማስረጃውን ወይም የአየር መንገዱን ደብዳቤ ይዛችሁ ማራዘሚያ ጠይቁ። ሰበቡ ከአቅም በላይ ከሆነ ያለ ክፍያ ይራዘማል። ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚቀርብ ማስረጃ ግን ከቅጣትና ከመግቢያ እገዳ ላያድን ይችላል።